ከትልቁ ዛፍ ወደ ግራ

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ ፍርድ ቤት ደረጃ ሥር ተንበርክኬ፣ ዕድሜዬን ረስቼ፣ በጥርስ ብሩሽ ድንጋይ እፈትጋለሁ። ከኋላዬ መኪና ቆመ፤ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ምን ጠፋብህ፣ ወንድሜ?»

የአገሬ ልጅ ነው። እኛ የሐበሻን ጀርባ ከመቶ ሜትር እንለያለን፤ ያላየን መስለን የምናልፈው ፊት ለፊት ስንገጣጠም ነው።

«ምንም አልጠፋብኝም።»

«ቁልፍ ነው?»

«አይደለም።»

ጎንበስ ሲል ሽበቴን አየና አነጋገሩን አስተካከለ። «ይቅርታ ጋሼ፣ የጋብቻ ቀለበትዎ ነው?»

«ቀለበትም አይደለም። የምፈልገው ከፍታ ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ቀጥሎ፣ ለታማሚ በሚሆን ለስላሳ ድምፅ፣ «ከቤተሰብ ጋር ነው የሚኖሩት?» አለኝ።

አልፈርድበትም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ ጤነኛ ሳለሁ፣ እኔም እንደሱ እጠይቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ምድር፣ በፍርድ ቤት ደረጃ፣ በድልድይ ጥግ፣ በባቡር ሐዲድ ዳር፣ በተራራ ጫፍ፣ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ ክብ የነሐስ ምልክቶች ተተክለዋል። ስፋታቸው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተከሏቸው ቀያሾች ናቸው። ገሚሶቹ ያ ነጥብ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ገሚሶቹ ደግሞ በምድር ላይ የት እንዳለ ይመሰክራሉ። መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲዘረጋ፣ ካርታ ሲነሳ ልኩ ከእነሱ ይጀምራል። ቤንችማርክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ሥራውን የጀመረው በ1807 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ) በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ዘመን የተቋቋመው የባሕር ጠረፍ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ነው። አሳቡ የባሕሩን ዳርቻ ለመርከብ መለካት ነበር። ለዚህ የባሕር ሥራ የመጀመሪያው ኃላፊ የሆነው ሰው ፈርዲናንድ ሃስለር ይባላል፤ የመጣውም የባሕር በር ከሌላት ከስዊዘርላንድ ነው። የባሕር በር ጉዳይ እኛን ብቻ የሚያስጨንቅ ይመስለኝ ነበር። በ1878 መሥሪያ ቤቱ የብሱንም ሥራ በስሙ ውስጥ ጨመረ፤ ከ1970 ወዲህ ደግሞ ብሔራዊ የጂኦዴቲክ ቅየሳ ይባላል። ነሐሱን ቀርበው ካዩት ዙሪያው በጽሑፍ የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ላይ «የነካ 250 ዶላር ይቀጣል ወይም ይታሰራል» የሚል አለ። ዝርዝር የፈለገም ዋሽንግተን ላለው ዳይሬክተር ደብዳቤ እንዲጽፍ ይመክራል። ሰው ወደ ነሐሱ ጎንበስ ብሎ፣ አንብቦ፣ ብዕር ያነሳል ብለው አምነው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ እንግዲህ ለቀያሽ የተተከለውን ምልክት ጡረተኛውና እንደኔ ያለው ሥራ ፈት ለጨዋታ ይፈልገዋል። ሽልማት የለውም። ታገኘዋለህ፣ ትቦርሸዋለህ፣ ፎቶ ታነሳዋለህ፣ አፈሩን መልሰህ ትሄዳለህ። መውሰድ ክልክል ነው። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከጓዳ ሆና ደግሞ «የቤቱ ቧንቧ ከገና ጀምሮ ያንጠባጥባል፤ እሱን ያገኘው ሰው ግን የለም» አለች።

ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ወዳጄ ነው። ወዳጄ ማንኛውንም ሥራ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ዓሣ ማጥመድ የጀመረ ጊዜ ከዓሣው በቀር ሁሉንም ገዝቷል። አሁንም በአንድ ሳምንት ውስጥ የተራራ ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የጂፒኤስ መሣሪያ፣ የብረት መፈለጊያ፣ መሬት መውጊያ ቀጭን ዘንግና አንጸባራቂ ብርቱካናማ ሰደርያ ገዛ። ሰደርያው ለሁለታችንም ነው። የወጪው ዝርዝር የሰርግ ይመስል ነበር። የመጀመሪያውን ምልክት ያገኘነው ግን ያለ አንዱም ዕቃ ነው፤ ወዳጄ አዲሱን ጫማ ሊያስር እግሩን ከድልድይ ጥግ ላይ ሲያወጣ ረገጠው።

የሰደርያውን ነገር ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ሁለት ጥቁር ሰዎች የብረት ዘንግ ይዘው በሰው አጥር ሥር ሲያደቡ በየመስኮቱ መጋረጃ መነቃነቅ ይጀምራል። ያንኑ ሥራ ሰደርያ ለብሰህ ስትሠራ ማንም ዘወር ብሎ አያይህም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ወጥታ የመንገዱ ጉድጓድ መቼ እንደሚደፈን ጠየቀችን። ወዳጄ ያለምንም ማፈር «በሚቀጥለው ሳምንት» አላት።

የጀማሪ ስሕተት ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱንም በአንድ ወር አዳርሰናል።

አንደኛው ስልክን ማመን ነው። እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ፊደልና አራት ቁጥር ያለው መለያ፣ የራሱም መዝገብ አለው። መዝገቡ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተጽፏል። ወዳጄ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ሞላ፣ ስልኩ መራን፣ አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ መካከል አድርሶን «ደርሰዋል» አለ። ዙሪያችን አስፋልት ነው። ወዳጄ የብረት መፈለጊያውን ሲያበራ፣ ከእያንዳንዱ መኪና ብረት እየሰማ፣ ገበያውን ሁሉ በጩኸት ሞላው። በኋላ ነው መዝገቡን በሙሉ ያነበብነው። የከፍታ ምልክቶች ቦታ በአብዛኛው ከካርታ ላይ ተለክቶ የተጻፈ ግምት ነው፤ ስሕተቱ እስከ ስድስት የማዕዘን ሴኮንድ፣ በእግር ሲኬድ እስከ 180 ሜትር ይደርሳል። ቀያሾቹ የደከሙት ለከፍታው ስለነበር ቦታውን በቸልታ አለፉት። ስለዚህ ያ ነሐስ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳለ አጥርቶ ያውቃል፤ የት እንደቆመ ግን በግምት ነው። ከፍታውን እንጂ ቦታውን የማያውቅ! ይህን ሳነብ የማኅበራችን ሊቀመንበር በዓይኔ መጣብኝ።

ሁለተኛው ስሕተት ምስክሩን ባለጉዳይ ማድረግ ነው። ዋናው ነጥብ ቢጠፋ ቦታው እንዳይረሳ ቀያሾች በአቅራቢያው ሁለት ሦስት ሌሎች ምልክቶች ይተክላሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ወደ ዋናው የሚያመለክት ቀስት አለ። ወዳጄ አንዱን አገኘ። ጮኸ። ፎቶ አነሳ። አዲስ አበባ ላሉ ወንድሞቹ ላከ፤ እነሱም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ቀስቱ ግን በዚያው ፎቶ ላይ ወደ ግራ እያመለከተ ነበር። ዋናው ምልክት ከሃያ እርምጃ ወዲያ፣ ወዳጄ ባርኔጣውን ያስቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ሦስተኛው ስሕተት እንኳ የእኔ ነው። መዝገቡ ውስጥ ነሐስ የሌላቸው ምልክቶችም አሉ፤ ከሩቅ የሚታዩ የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች፣ የውኃ ታንከሮች፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች። ቀያሽ ከተለያየ ቦታ ሆኖ አነጣጥሮባቸው ቦታቸውን ያሰላል። ይህ ለወገቤ ተስማማኝ። መንበርከክ የለ፣ መጥረግ የለ፣ ከመኪና ሳልወርድ አንዱን ጉልላት ፎቶ አንስቼ «አገኘሁ» ብዬ ጻፍኩ። ያ ቤተ ክርስቲያን ጉልላቱን ያደሰው እኔ አሜሪካ ከገባሁ በኋላ መሆኑን የነገረኝ ዘበኛው ነው። ቀያሹ ያነጣጠረበት አሮጌው ጉልላት ከወረደ ቆይቷል። ማረጋገጫ ብዬ የያዝኩት የልጁን ፎቶ ነው፤ የተመዘገበው አያቱ ነው።

ከስሕተት የከፋው ግን ድፍረት ነው። የፈለጉትን ሲያጡ መጻፍ የሚገባው «አላገኘሁም» ብቻ ነው። «ጠፍቷል፣ ተነቅሏል» ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ተነቅሎ የወደቀውን ነሐስ ወይም የፈረሰበትን ቦታ ማሳየት አለብህ። ወዳጄ ግን «አላገኘሁም» የሚለው ቃል ይከብደዋል። የዕቃዎቹ ክብር የተነካ ይመስለዋል። ስለዚህ ያላገኘውን ሁሉ ማስታወሻው ላይ «ጠፍቷል» እያለ ቀበረው። ይህ አመል የእኛ ሁሉ ነው። ሁለት እሑድ ከዕድር የቀረ ሰው «እሱማ አገር ለቀቀ» ይባላል፤ ስልክ የደወለለት ግን የለም።

ከቀበራቸው መካከል አንዱ ሜሪላንድ ውስጥ የነበረ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የፈጀብን ምልክት ነው። የዚህን ምልክት ነገር በአንድ ክርስትና ላይ ሳወራ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሠላሳ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ የነዱ አዛውንት ጆሯቸውን ሰጡኝ።

«መዝገቡ ላይ አድራሻው የለም እንዴ፣ ልጄ?» አሉ።

«አድራሻ አይባልም፣ አባባ። ወግ ነው።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

እያንዳንዱ መዝገብ ከቁጥሮቹ በታች መንገዱን በቃል የሚናገር ክፍል አለው። እኛ እስከዚያ ድረስ አልፈነው ነበር። አገላለጹ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ከፖስታ ቤቱ ተነስተህ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን ሂድ፣ መንታው መንገድ ላይ ስትደርስ ቀኙን ያዝ፣ ከሱቁ አልፈህ ከትልቁ ዛፍ ወደ ግራ፣ ከመንገዱ መሐል ሠላሳ ጫማ ራቅ ብሎ፣ ከአጥሩ ሁለት ጫማ ወዲህ፣ ከመሬት አራት ኢንች ብቅ ባለ ኮንክሪት አናት ላይ። ፖስታ ቤቱ ተዘዋውሯል። ሱቁ የለም። ትልቁ ዛፍ ማገዶ ከሆነ ዘመናት አልፈዋል።

አዛውንቱ ሳቁ። «ታዲያ ይሄ ምን ያስቸግራል? ይሄማ የእኛ ሰው የጻፈው ነው!»

እውነታቸውን ነው! ከተማችን ሁሉ የሚመራው በሌለ ነገር ነው። ዋርካው ከተቆረጠ በኋላ «ከዋርካው ዝቅ ብሎ» እንላለን። ሆቴሉ ፈርሶ ታክሲው ስሙን ይጠራል። የካዛንቺስ ቤቶች ሲነሱም ካዛንቺስ የሚለው ስም ከሰው አፍ አልተነሳም። አራት ኪሎ እያልን የምንኖር፣ ከየት ተለክቶ አራት እንደሆነ ግን ጠይቀን የማናውቅ ሕዝብ ነን። የአሜሪካ ቀያሽ ከ90 ዓመት በፊት የጻፈውን መንገድ የሚያነብ ሰው ከተፈለገ፣ ከእኛ የበለጠ የሠለጠነ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ልጅነታችንን ሙሉ የተማርነውን ትተን መኪና ማቆሚያ መካከል ብረት እናስጮኻለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዛውንቱን ይዘን ሄድን። ወዳጄ ስልኩን ሲያወጣ በእጃቸው መለሱት። ሰደርያ ሲሰጣቸውም «እኔ የቀን ሠራተኛ አይደለሁም» አሉ። በረንዳ ላይ ወደተቀመጡ አንዲት ባልቴት ተራምደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እዚህ አካባቢ ድሮ ሱቅ ነበር ይባላል፤ የት ነበር?» አሏቸው። ባልቴቷ ይህን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተነሱ። ሱቁ የአጎታቸው ነበር። የተቃጠለበትን ሌሊት፣ ከረሜላው የት ይቀመጥ እንደነበር፣ አጎትየው ለማን ዱቤ እንደሚከለክሉ ጭምር ነገሩን። ከሱቁ ትይዩ ትልቅ የባሉጥ ዛፍ ነበር፤ ጉቶው አሁን የአበባ መደብ ሆኗል። ወዳጄ በጆሮዬ «ይሄን ሁሉ ምን አደከመን?» ሲለኝ አዛውንቱ ሰሙት። «ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉና ከአበባው መደብ ወደ ግራ መራመድ ጀመሩ።

አጥሩ ዛሬም አጥር ነው። ሥሩን ሐረግ ውጦታል። እጄን ሰድጄ ስዳብስ ቀዝቃዛ ኮንክሪት ነካሁ። ቅጠሉን ገለጥኩ፤ የበሰበሰ አፈር፣ የጉንዳን ጎጆ፣ ከዚያ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ክብ። አዛውንቱ ከያዙት ኮዳ ውኃ አፈሰሱበት፣ እኔ ቦረሽኩ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጀመሪያ ቅጣቱ፣ 250 ዶላር። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ። መሐሉ ላይ በእጅ መዶሻ፣ ትንሽ ዘመም ብለው የተመቱ አራት ቁጥሮች፤ 1934። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን መንግሥት ሥራ ያጡ ሰዎችን በቅየሳ ሥራ አሰማርቶ ስለነበር የዚያ ጊዜ ምልክት ብዙ ነው። «4» ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ተመትቷል። እጁ የቀዘቀዘ ሰው ይሆናል።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ነሐሱን አዩት። «ጠፋህ!» አሉት።

ወዳጄ ምንም አልተናገረም። ማስታወሻውን አወጣና «ጠፍቷል» የሚለውን በዝግታ ሰረዘው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዛውንቱ መሪያችን ሆኑ። ዓይናቸው ደግሞ ከእኛ ይለያል። ለጀማሪ የማይጠፉትን ምልክቶች ላሳያቸው ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ወዳለው የዋሽንግተን ሰሜናዊ የማዕዘን ድንጋይ ወሰድኳቸው። ዋሽንግተን ስትቆረቆር ዙሪያዋ እያንዳንዱ ጎን አሥር ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነበር። በ1791 እና በ1792 አንድሩ ኤሊኮት የሚባል ቀያሽ በየማይሉ 40 ድንጋዮች አስተከለ። ሥራው ሲጀመር ከዋክብት እየተመለከተ ስሌቱን ይረዳ የነበረው ነፃ ጥቁር የነበረው ቤንጃሚን ባነከር ነው፤ አርሊንግተን በኩል ካሉት ድንጋዮች አንዱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አብዛኞቹ ድንጋዮች እስካሁን በቦታቸው አሉ። ከ1915 ጀምሮ ግን በብረት አጥር ተከበዋል። የእኛ ሰው እንጀራ ሊገዛ በአጠገባቸው ያልፋል፤ ያያቸው የለም።

አዛውንቱ የብረቱን ዘንግ ጨብጠው ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ድንጋይ አስረው?» አሉ። «በእኛ አገር የሚታሰረው ድንበር የገፋው ሰው ነው። እዚህ ድንበሩን ራሱን አሰሩት።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ። «ይሻላል። አጎቴን ያንዲት ክንድ ድንበር አሥራ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት አመላልሳቸዋለች።»

ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ሐውልት ሄድን። ከሐውልቱ በስተደቡብ መሬት ላይ የብረት ክዳን አለ። ከክዳኑ ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ቁመቱ 3.7 ሜትር ገደማ የሆነ የሐውልቱ ትንሽ አምሳያ ቆሟል። በ1880ዎቹ የተተከለ የከፍታ ምልክት ነው። በላዩ ላይ ጎብኚዎች ወደ ትልቁ አንጋጠው ፎቶ እየተነሱ ይረማመዱበታል።

«ልጁ ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«ልጁ በሉት።»

«እንደማንኛውም አዲስ መጤ ቤዝመንት ተከራይቷላ!»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር አጫወቱኝ። ጎጃም ውስጥ ልጅ ሳሉ ፈረንጆች ኮረብታ ላይ ወጥተው ባንዲራ ሲተክሉ አይተዋል። ጊዜውን ሳሰላው ይገጥማል። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ቀያሾች የዓባይን ተፋሰስ ይለኩ ነበር። ለአሮጌው ካርታችን የልክ መነሻ የሆነው ነጥብም አዲንዳን ይባላል፤ የሚገኘው በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ዓባይ ዳር ነው። ውኃው ከእኛ ወርዶ ልኩ ከእነሱ ወጣ።

«ሠፈሩ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምን ይላል? መሬት የሚለካ ከመጣ ግብር ይከተላል አለ። ልጆች ሆነን ከሩቅ ድንጋይ እንወረውርባቸው ነበር።» በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ይኸው ዛሬ በገዛ ነዳጃችን እንፈልጋቸዋለን።» ነዳጁ የእኔ ነበር፤ አላነሳሁባቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አጥር ሥር እንደተንበረከክሁ ስልኬ ጮኸ። ያ የፍርድ ቤቱ ልጅ ነው። ያን ዕለት ለጤናዬ ሠግቶ ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር።

«ጋሼ፣ ጠፉ!»

«አለሁ።»

«ሰው ላደርስ ሄጄ ድልድይ ላይ አንድ ክብ ነሐስ አየሁ። አምና ብሆን አላየውም ነበር። እርስዎ ኖት ያበላሹኝ።» ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ተንበርክኮ ነው የሚያወራው። «ቀስት አለው ጋሼ፣ ምን ማለት ነው?»

«ያገኘኸው እሱን አይደለም ማለት ነው። ቀስቱን ተከተል። አሁን የት ነህ?»

«ስልኩ በደንብ አያሳየኝም…»

«ስልኩን ተወው። አጠገብህ ምን አለ?»

ትንሽ ዝም አለ። ዙሪያውን ሲያይ ይሰማኛል።

«ድሮ ነዳጅ ማደያ የነበረ የሚመስል ቦታ አለ» አለኝ። «ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ።»

«በቃ፣ አወቅሁት» አልኩትና ተነሳሁ።